«ያ ቦታ ያንቺ ነው» ከተባለ በኋላ፦ የቤተሰብ ይዞታን ውጭ ላለ ዘመድ ስለማስተላለፍ

እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። ቡናው ቶና ደርሷል። ስልኩ ስኳር ዕቃው ላይ ተደግፎ ቆሟል፣ እህቴ ከአሜሪካ በቪዲዮ ገብታለች። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ስልኩን እያየች «ልጄ፣ ከጓሮ ያለው ቦታ ያንቺ ነው፣ ይኸው ወንድሞችሽም ይስሙ» አለች። ሁላችንም እሰይ አልን። እህቴ አለቀሰች። ነገሩ ያለቀ መሰለን።

ምንም አላለቀም ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ከዓመት በላይ በየቢሮው ተመላልሻለሁ። ጠበቃ አይደለሁም፣ ወረፋ ይዤና ጠይቄ የተማርኩትን ነው የምጽፈው። የምጽፍበትም ምክንያት አንድ ነው፤ በፍቅር የተጀመረ ነገር ወንድምና እህትን ችሎት ፊት ሲያቆም ደጋግሜ አይቻለሁ፣ አብዛኛውም ቀድሞ ቢታወቅ ኖሮ የሚቀር ነበር።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ እናቴ «ቦታው» ስትልና ሕጉ ሲናገር የሚያወሩት ስለተለያየ ነገር መሆኑ ነው። አገራችን ውስጥ ማንም ሰው የመሬት ባለቤት አይደለም። ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲህ ነው፤ በየካቲት የገጠሩ መሬት፣ በሐምሌ ደግሞ የከተማው ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሆነ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 40 ላይ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ብሎ አጸናው። አያቴ እስክትሞት ድረስ «ርስቴ» ትል ነበር። ወረቀቱ ላይ ግን ርስት የሚባል ነገር የለም፣ ያለው «ይዞታ» ነው።

ታዲያ ቤተሰብ የሚያስተላልፈው ምንድን ነው? አንደኛው መሬቱ ላይ የተሠራውና የተተከለው ነው፦ ቤቱ፣ አጥሩ፣ ባሕር ዛፉ። ይሄ የግል ንብረት ስለሆነ ይሸጣል፣ ይሰጣል፣ ይወረሳል። ሁለተኛው በመሬቱ የመጠቀም መብት ነው። ከተማ ላይ ይሄ መብት ቤቱን ተከትሎ ይሄዳል። ገጠር ላይ ግን ዋናው ነገር መብቱ ራሱ ነው፣ ስለዚህ ማን ይቀበለዋል የሚለውን ሕጉ አጥብቆ ይዞታል።

አሁን ወደ ውጭ ያለው ዘመድ እንምጣ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ውጭ የሚኖር ሰው መውረስ ይችላል ወይ?» ብሎ ነው። ጥያቄው እዚያ ላይ ነው የሚሳሳተው። የት አገር እንደሚኖር መጠየቅ ሳይሆን የየት አገር ዜጋ እንደሆነ መጠየቅ ነው የሚያስፈልገው።

የአጎቴ ልጅ ሪያድ ከሄደ ብዙ ዓመቱ ነው። ፓስፖርቱ የኢትዮጵያ ነው። ዱባይም፣ ቤይሩትም፣ ኩዌትም ያሉት አብዛኞቹ እንዲሁ ናቸው፤ የሠሩበት አገር ዜግነት አይሰጣቸውምና ኢትዮጵያዊ ሆነው ይቆያሉ። አሜሪካ ሆኖ ግሪን ካርድ ብቻ የያዘም ሰው ኢትዮጵያዊ ነው። እነዚህ ሰዎች ቤት በስማቸው ለመያዝ ዜግነት አያግዳቸውም።

እህቴ ግን የአሜሪካ ዜግነት ወስዳለች። አገራችን ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። በ1996ቱ የዜግነት አዋጅ መሠረት ወዶና ፈቅዶ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን ያጣል። በሕግ ዓይን እህቴ የውጭ አገር ሰው ናት፣ እናቴ ይሄን ስትሰማ ምን እንዳለችኝ አልጽፈውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ አንቀጽ 390 ላይ የውጭ ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት መሆን አይችልም ይላል።

በሩን የሚከፍተው ቢጫ ካርድ ነው። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ ካርድ እንዲሰጥ ፈቅዷል፤ ራሱ ኢትዮጵያዊ የነበረ ወይም ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ ሰው ማውጣት ይችላል። ካርዱን የያዘ ሰው ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፣ ቤትም በስሙ ይይዛል። መምረጥና መመረጥ ግን የለም። ከጎንደር ሄደው እስራኤል የገቡ ዘመዶች ያሏችሁ፣ ጀርመን ወይም ስዊድን ዜግነት የወሰዱ ልጆች ያሏችሁ፣ ከሁሉ በፊት «ቢጫ ካርድ አለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከሌለው ሌላው ሥራ ሁሉ ይጠብቅ። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ የውጭ ዜጎች ከ150 ሺህ ዶላር ጀምሮ ከፍለው ቤት እንዲገዙ የሚፈቅድ አዋጅ ጸድቋል፣ ግን እሱ ለገዢ የወጣ ነው፣ የእናቱን ቤት ለሚረከብ ልጅ ቢጫ ካርዱ ነው መንገዱ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዜግነት ቀይሮ የድሮውን የኢትዮጵያ ፓስፖርት ወይም የቀበሌ መታወቂያ እያሳየ የሚፈርም ሰው አለ። «ማን ያውቃል» ይባላል። ነገሩ የሚወጣው ግን ቤተሰብ ሲጣላ ነው፣ ያኔ ደግሞ የሚያወጣው ባዕድ ሰው ሳይሆን ምስጢሩን የሚያውቅ ዘመድ ነው። ስለዚህ አታድርጉት።

የገጠሩን ቶሎ ልበልና ልለፈው፣ ምክንያቱም መልሱ አጭርና መራራ ነው። ጎጃም ያለው አጎቴ የእርሻ መሬቱን ሪያድ ላለው ልጁ ሊሰጠው ፈልጎ ነበር። ልጁ ኢትዮጵያዊ ነው፣ ዜግነት አላገደውም። ያገደው ሌላ ነው፤ የገጠር መሬት የሚሰጠው በእርሻ ወይም በከብት እርባታ ለሚተዳደር ሰው ነው። የፌዴራሉ የ1997 አዋጅ ቁጥር 456 «የቤተሰብ አባል» ሲል ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት እየኖረ ከእሱ መተዳደሪያ የሚጋራውን ሰው ነበር። ይሄን አዋጅ በ2016 ዓ.ም. ቁጥር 1324 ተክቶታል፣ ክልሎችም የየራሳቸው አዋጅ ስላላቸው ዝርዝሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል። አማራ ክልል ላይ በስጦታ የሚቀበለው ሰው በግብርና የሚተዳደር ወይም ሊተዳደር የሚፈልግ መሆን አለበት። ሪያድ ሾፌር የሆነ ልጅ «አርሳለሁ» ብሎ ቢፈርም ማንም አያምነውም። ቢጫ ካርድም የእርሻ ይዞታ አያሰጥም።

አጎቴ በመጨረሻ ያደረገው ይሄን ነው። መሬቱን አብራው ለምታርሰው ሴት ልጁ አደረገ። ሪያድ ያለው ልጅ ደግሞ ባሕር ዛፉንና ከተማ ጫፍ ያለችውን ቤት እንዲወስድ ሽማግሌ ባለበት ተስማሙ። መሬቱን በእህቱ ስም አድርጎ «የኔ ነው» እያለ በስውር መያዝም ይቻል ነበር፣ ብዙ ሰው ያደርገዋል። ግን የመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ ስሙ የሰፈረው ሰው ነው ባለመብቱ፣ ወረዳ መሬት አስተዳደር ቢሮ ሌላ አያውቅም። ከአካባቢው ርቆ መሬቱን ሳያርስ፣ ሳያከራይ ወይም በእኩል ሳያሳርስ ዓመታት ያሳለፈ ሰው ይዞታውን የሚያጣበት ድንጋጌም በየክልሉ ሕግ ውስጥ አለ።

ከተማው ላይ ነው ሰፊው ነገር ያለው። ወደ እናቴ ቤት ልመለስ።

መጀመሪያ ካርታውን አወጣሁ። ከአልጋ ሥር ካለ ሳጥን፣ በፌስታል ተጠቅልሎ። ከፍቼ ሳየው ስሙ የአባቴ ነው። አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆኖታል፣ ስም ያዞረ የለም። እናቴ የራሷን እየሰጠች መስሏት ነበር፣ ግን ቤቱ ወረቀት ላይ የሟች ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ቤቱ በትዳር ውስጥ ስለተሠራ የጋራ ነው፤ ግማሹ ከመጀመሪያውም የእናቴ ነው። የተቀረው ግማሽ የአባቴ ሲሆን ኑዛዜ ስላልተወ ለልጆቹ እኩል ይከፈላል። እኛ ሦስት ነን። ስለዚህ እያንዳንዳችን የጠቅላላውን አንድ ስድስተኛ ወርሰናል፣ እህቴም ጭምር። ይሄን ስነግራት ስልኩ ላይ ዝም አለች። ማንም ሳይሰጣት፣ ቡናው ሳይፈላ፣ ከስድስት ዓመት በፊት ጀምሮ ድርሻ ነበራት።

ስለዚህ መጀመሪያ የአባቴ ውርስ መጣራት ነበረበት። የሞት ምስክር ወረቀት ከወረዳ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት ቀርቦ የወራሽነት ማረጋገጫ ማውጣት። ማረጋገጫው ከሌለ የመሬት ይዞታ ቢሮ ስም አያዞርም። እዚህ ላይ ውጭ ያላችሁ ልጆች ጆሯችሁን ስጡኝ፤ ውርሱን የማይገባው ሰው ወራሽ ነኝ ብሎ ከያዘባችሁ፣ መብታችሁንና የሱን መያዝ ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ ካልከሰሳችሁ ክሱ በይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ አይሰማም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1000 ነው። «ስመጣ እንነጋገራለን» እያሉ አምስት ስድስት ዓመት የቆዩ ሰዎች መጥተው የሚያገኙት የተዘጋ ፋይል ነው። እንደ ጉዳዩ የሚለያይ ነገር ስላለው ጠበቃ ጠይቁ፣ ግን አትቆዩ።

ቀጥሎ የእናቴ ድርሻ። በስጦታ ትስጣት ወይስ በኑዛዜ? እኔ ስጦታ ይሻላል ብዬ ነበር፣ ዛሬውኑ ያልቃል ብዬ። ክፍለ ከተማ ያገኘኋት አንዲት ባለሙያ ናት ያስቆመችኝ። «ይዞታችሁ ነባር ነው ሊዝ?» አለችኝ። ነባር የሚባለው ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ቦታ ነው፣ ሊዝ ደግሞ ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ የሚያዝ። የእኛው ነባር ነው። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ ከውርስ በስተቀር በሌላ መንገድ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ተቀባዩ የሚይዘው በሊዝ ነው ይላል። ማለትም በሽያጭም በስጦታም ቢተላለፍ ይዞታው ወደ ሊዝ ይገባል፣ የሊዝ ክፍያና የሊዝ ዘመን አብረው ይመጣሉ። በውርስ ከሆነ ግን ነባርነቱ አይነካም። አንድ ቃል ናት ልዩነቷ፣ ቤተሰብ ግን ለዓመታት ይከፍልባታል። ስለዚህ ስጦታ ከመፈረማችሁ በፊት ካርታችሁን ይዛችሁ ክፍለ ከተማችሁ ሄዳችሁ ይሄንኑ ጥያቄ ጠይቁ።

የናንተ ጉዳይ ስጦታን የሚያዋጣ ከሆነም፣ የቤት ስጦታ በቃልም በተራ ወረቀትም አይሆንም። ሕጉ እንደ ግልጽ ኑዛዜ ሥርዓት ይሁን ይላል፦ በጽሑፍ ሆኖ፣ በሰጪውና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ፣ እዚያው ሁሉም ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ሰነድ አረጋጋጭ ከሆነ ሁለት ሰው ይበቃል። ሰጪው ባለትዳር ከሆነ የባል ወይም የሚስት ፊርማ የግድ ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከጋራ ንብረት ላይ ከ100 ብር በላይ ስጦታ ለመስጠት እንኳ የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል፣ ቤትማ እንዴት።

ኑዛዜውም ቢሆን እንደዚያው ነው። እናት ብቻዋን በእጅ ጽሑፏ ጽፋ ከፈረመች ይጸናል፣ ግን በሰባት ዓመት ውስጥ ሰነድ አረጋጋጭ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይፈርሳል። በአልጋ ላይ ሆኖ ለሁለት ምስክር በቃል የተነገረ ኑዛዜ ደግሞ ተናዛዡ ከዚያ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየ ይፈርሳል። ብዙ ቤተሰብ የሚተማመነው በዚህ በቃል ኑዛዜ ነው፣ ያሳዝነኛል። በአራት ምስክር ፊት የተነበበው ግልጽ ኑዛዜ ነው የሚያስተማምነው። «ተነቦልናል፣ ፈርመናል» የሚለው ቃል ራሱ ጽሑፉ ውስጥ መኖር አለበት፣ ለዚህች መስመር ብቻ የወደቁ ኑዛዜዎች አሉ።

«ከጓሮ ያለው ቦታ» የሚለውም ቀላል አልሆነም። ካርታው አንድ ነው፣ ጓሮ ብቻውን ካርታ የለውም። ይዞታ ለሁለት ለመክፈል የቢሮው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የከተማው ፕላን፣ ዝቅተኛው የቦታ ስፋት፣ መግቢያ መንገድ ሁሉ ይታያል። የእኛው ስፋት አልበቃም። ስለዚህ ቤቱ በጋራ ስም ሆኖ ድርሻችን በወረቀት እንዲለይ፣ ጓሮውን እህቴ እንድትጠቀምበት በስምምነታችን ውስጥ አሰፈርነው።

ይሄን ሁሉ እህቴ አሜሪካ ሆና እንዴት ፈረመች? በውክልና ነዋ። ውክልናው ዋሽንግተን ባለው ኤምባሲያችን በኩል ተረጋግጦ፣ እዚህ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አይቶት፣ ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ገብቶ ነው የሚሠራው። የመጀመሪያው ውክልና ተመለሰብን። «ጠቅላላ ውክልና» ነበር፣ «በማናቸውም ጉዳይ ይወክለኝ» የሚል። ሰው ሁሉ እንዲህ ሲባል ሁሉን ነገር የሚያስችል ይመስለዋል። አያስችልም። ጠቅላላ ውክልና ቤት ለማከራየት፣ ግብር ለመክፈል፣ ለማስተዳደር ነው። ለመሸጥ፣ ለመስጠት፣ ለማስያዝ፣ ለመታረቅ፣ ለመክሰስ እያንዳንዱ ተጠርቶ መጻፍ አለበት። ሁለተኛውን የቤቱን ቁጥር፣ የካርታውን ቁጥር፣ ወረዳውን ጠቅሰን ጻፍነው።

እሱም በስም ተያዘ። ካርታው ላይ የአባቴ ስም ሁለት ቃል ነው፣ በእህቴ ፓስፖርት ላይ ገጥሞ አንድ ቃል ሆኗል፣ ደግሞ አግብታ የባሏን ስም ወስዳለች። ቢሮው ያለው ሰውዬ ሦስቱን ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግቶ «እህቴ፣ እነዚህ ሦስት ሰዎች ናቸው» አላት፣ በስልክ እየሰማች ነበር። የልደት ሰርተፊኬት፣ የጋብቻ ሰርተፊኬት፣ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ወረቀት፣ ሁለት ወር ተኩል። ውጭ ያላችሁ፣ ዛሬ ፓስፖርታችሁንና ወላጆቻችሁ እጅ ያለውን ካርታ ፎቶ አስነስታችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩት።

ደግሞ ይሄን እወቁ፣ ውክልና ሰጪው ሲሞት ውክልናው አብሮ ያበቃል። እናቱ የሰጠችውን ውክልና ከቀብሯ በኋላ ይዞ ቤት የሸጠ ሰው አውቃለሁ፣ ክፋት አልነበረበትም፣ እንደሚሠራ አምኖ ነው። ሽያጩ ፈረሰበት።

ሌላ ልቤን የሚያደማኝ ነገር አለ። ቤይሩት የሠራች የሰፈራችን ልጅ ለ11 ዓመት ብር ላከች። ወንድሟ በቤተሰቡ ቦታ ላይ በራሱ ስም ግንባታ ፈቃድ አውጥቶ ባለ አንድ ፎቅ ሠራ። ስትመለስ ምድር ቤት አንድ ክፍል ተሰጣት፣ እንደ እንግዳ። የላከችበትን ደረሰኝ አልያዘችም፣ ሐዋላው በጓደኛ እጅ ነበር። የማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ መብት የሚሰጥ ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ሰነድ አረጋጋጭ ዘንድ መመዝገብ አለበት፣ «ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል» አይረዳም። በወላጅ ቦታ ላይ ገንዘብ የምትልኩ ሁሉ፣ አንድ ብሎኬት ሳይነሳ በፊት «ይህን ቤት በገንዘቧ የምትሠራው እገሊት ናት፣ ድርሻዋም ይህን ያህል ነው» የሚል ውል በሰነዶች ማረጋገጫ አስመዝግቡ። በባንክ ላኩ፣ ደረሰኙንም ያዙ። ወንድም ቅር ይለዋል ብላችሁ አትፍሩ፣ ያኔ ቅር ያለው ወንድም ከ11 ዓመት በኋላ ከምታጡት ወንድም ይሻላል።

ወጪውንም ቀድማችሁ ጠይቁ። የቤት ግምት አለ፣ የቴምብር ቀረጥ አለ፣ የአገልግሎት ክፍያ አለ፣ ያልተከፈለ የቦታ ግብር ካለ መጀመሪያ እሱ ይከፈላል። ቤቱ በባንክ ተይዞ ወይም በፍርድ ቤት ታግዶ እንደሆነ የሚገልጸውን የዕዳና እገዳ ማጣሪያም ያዙ።

የእናቴን ኑዛዜ ያስፈረምንበት ቀን ጠዋት ዝናብ ነበር። እህቴ እዚያ ሌሊት ነው፣ አልተኛችም። አረጋጋጩ ጽሑፉን ቀስ ብሎ አነበበና እኛን ልጆቿን ከክፍሉ አስወጣን። በሩ በደንብ አልተዘጋም ነበርና ሲጠይቃት ሰማሁት፤ «እማማ፣ ያስገደደዎት ሰው አለ?» እናቴም «እኔን? ማን?» አለችው። ስትወጣ አውራ ጣቷ ጥቁር በጥቁር ሆኗል። ልጠርግላት ሶፍት አወጣሁ፣ እጇን ሸሸገችብኝ፣ «ቆይ፣ መጀመሪያ ደውልላት፣ ትየው» አለችኝ።